አሥር ዓመት በአንዲት ልጅ እግር ሥር

ልጅቷን መጀመሪያ ያየኋት ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ሦስት ዓመት እንዳለፋት ተነግሮኝ ነበር፤ ያየኋት ግን ዓመት ከመንፈቅ እንኳ የሞላት የማትመስል፣ ከሰውነቷ ሁሉ ዓይኗ ብቻ የጎላ ልጅ ነበረች። እግሮቿ ከጉልበቷ በታች እንደ መቀስ ተቆላልፈዋል። የእግሯ ጣቶች ወደ ታች ተወጥረዋል። ላነሳት ብብቷን ስይዝ መላ አካሏ እንደ ጣውላ ደረቀ። ደንግጬ መልሼ አስተኛኋት።

«አትፍሪ፣ አትሰበርም» አለችኝ እናቷ በሩ ላይ ቆማ።

ኢትዮጵያ ሚሊኒየሙን ባከበረችበት ዓመት ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቼ ጅቡቲ ከገባሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። የተቀጠርኩት ለቤት ሥራ ነበር፤ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማጽዳት፣ «ልጅም መያዝ» ተብሏል። ልጅ መያዝማ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አራት ታናናሾች አዝዬ አሳድጌአለሁ። ቤቱ ራስ ዲካ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። የልጅቷ እናት፣ ማዳም ነው የምላት፣ ቢሮ ትሠራለች፤ ማለዳ ወጥታ ቀትር ሲያልፍ ትመለሳለች። አባትየው ወደቡ አካባቢ መጋዘን ይቆጣጠራል፤ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ማዳም ግን ከእኔ በፊት ከነበሩት ሠራተኞች አማርኛ ለቅማ ስለነበር፣ ከእኔ ሶማልኛ የእሷ አማርኛ ብዙ ይሻል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ማዳም «ነገ ኪኔ ጋ ትሄዳላችሁ» አለችኝ። እኔ «ቅኔ» ነው የሰማሁት። ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን ይዤ እንድሄድ እስላም ቤት ሲያዙኝ ግራ ገብቶኝ አደርኩ። ለካ በፈረንሳይኛቸው የሰውነት እንቅስቃሴ ሐኪም ማለት ነው፤ እኛ ፊዚዮቴራፒስት የምንለው።

ኪኔዋ ወፈር ያለች፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ሶማሌ ነበረች። አማርኛ ስታወራ የድሬ ልጅ ናት፤ ድሬ ደግሞ አንቱታ አያውቅም። እኔ «እርስዎ» እያልኩ ስሽቆጠቆጥ ሳቀችብኝ።

«አንቺ በይኝ። ቁጭ በይና እዪ» አለችኝ። «እናቷ ቢሮ ነው የምትውለው። እኔ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ግማሽ ሰዓት ነው የማያት። አንቺ ግን ሙሉ ቀን አብረሻት ነሽ። ስለዚህ የማሳየው ላንቺ ነው።»

«እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም።»

«ሐኪም ነሽ አላልኩም። እጅ አለሽ አይደል?»

ከዚያ የልጅቷን ሕመም ስሙን ነገረችኝ፤ ሴሬብራል ፓልሲ። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል፤ አንጎሏ ወደ ጡንቻዋ የሚልከው ትእዛዝ ይዛባል፤ ላላ በል ማለት ሲገባው ጠብቅ ይላል። የተጎዳው አይመለስም። «እግሯ ግን ገና ነው» አለችኝ። «ካልተሳበ ያጥራል፤ ካልሠራ ይሰንፋል። ድና እንደ ሌሎቹ ትሮጣለች ብዬ አልዋሽሽም። እንዳይብስባት፣ አድጋም የራሷን ነገር በራሷ እንድታደርግ ነው የምንለፋው።»

እጄን ይዛ አሳየችኝ። ተረከዟን በመዳፌ እይዛለሁ፤ ጉልበቷን በሌላው እጄ አቀናለሁ፤ ከዚያ በክንዴ ውስጠኛ ክፍል የእግሯን መዳፍ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እገፋለሁ። ሲጠብቅ እዚያው አቁሜ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። አልነጥቅም፣ አልጎትትም። በእያንዳንዱ እግር አምስት ጊዜ። ከዚያ ጭኖቿን መክፈት። ከዚያ በሆዷ አስተኝቶ አንገቷን እንድታነሳ ማድረግ። ከዚያ ዝቅ ባለ ዱካ ላይ አስቀምጦ ጉልበቷን ደግፎ ማቆም፣ ማስቀመጥ፣ ማቆም። በቀን ሁለት ጊዜ።

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስክታድግ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ።

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ማዳም ስትወጣ ወፍራሙን ፎጣ መሬት ላይ አነጥፋለሁ። ልጅቷ ፎጣውን ገና ስታይ ታለቅሳለች። ቁርሷን ሳበላት አንገቴ ሥር ገብታ የምታሸተኝ ልጅ፣ ፎጣው ሲነጠፍ ፊቷን ከእኔ ታዞራለች። «አባዮ፣ ማያ፣ ማያ» ትለኛለች፤ እህቴ፣ አይሆንም፣ አይሆንም እንደማለት ነው። እኔ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአማርኛ ነበር የምቆጥረው፤ በሌላ ቋንቋ ሠላሳ አልደርስም ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ከአማርኛ መጀመሪያ የተማረችው ቁጥር ነው። አራት ዓመት ሲሞላት ከእኔ ጋር እያለቀሰች ትቆጥር ነበር፤ ሃያ አምስት ላይ ስንደርስ ድምጿ ይፈጥናል፣ ቶሎ እንድጨርስላት።

ማዳም ለቅሶውን አትችለውም። በሥራ ቀን ቀድማ ስለምትወጣ አትሰማም። ዓርብ ዓርብ ግን ቤት ናት። አንድ ዓርብ ከመኝታ ቤት በነጠላ ጫማ ሮጣ መጥታ ልጅቷን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«በቃ! ዛሬ ይቅር። ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምታሰቃዪያት?»

«ኪኔዋ ናት ያለችው፣ ማዳም።»

«ኪኔዋ ልጅ አላት? አንቺስ ወልደሻል?»

አልወለድኩም። ከዚያ በኋላ ዓርብ እረፍት ሆነ፤ ለሦስታችንም። ቅዳሜ ጠዋት ግን እግሯ እንደ አዲስ ጠንክሮ ይጠብቀኛል፤ የአንድ ቀን እረፍት ሁለት ቀን ያስከፍላት ነበር።

አምስት ዓመቷ ላይ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ቻለች። ቀኑን አልረሳውም ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቀን የለውም። መጀመሪያ ሦስት ትራስ ነበር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፤ ከዚያ አንድ ቀን ትራሱን አጥቤ ለማስጣት ወስጄው ኖሮ፣ ስመለስ ያለ ትራስ ተቀምጣ ፀጉሯን ትፈታለች። በዚያ ቤት ጥሩ ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው የመጣው፤ ማንም ሳያየው፣ ቀስ ብሎ።

አባትየው ያን ሰሞን ብረት በያጅ አመጣ። በረንዳው ላይ ሁለት የውሃ ቧንቧ ብረቶች ጎን ለጎን አስተከለ፤ ከልጅቷ ወገብ ከፍታ ጋር ተለክተው፣ አምስት እርምጃ ያህል የሚረዝሙ። ኪኔዋ ዘንድ ያለውን አይቶ ነው ያሠራው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ረስቷል። የጅቡቲ ፀሐይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ብረቱን እንደ ምጣድ ታግለዋለች። አሮጌ አንሶላ ቀድጄ ጠመጠምኩበት፤ እሱም በልጅቷ ላብ እየራሰ በየሳምንቱ ይቀየራል። በሙቀቱ ወራት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ እንነሳ ነበር። እኔ ከኋላዋ ተንበርክኬ በእጄ እግሯን አንድ በአንድ አነሳለሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አምስት እርምጃ ሄዶ አምስት እርምጃ መመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጉልበቴ ከሲሚንቶው የተነሳ ጠቁሮ ቀረ።

ስድስት ዓመቷ ላይ ብረቱን ይዛ ብቻዋን ቆመች። ሰባተኛው ላይ ብረቱን እንደያዘች፣ እኔ እግሯን ሳላነሳላት፣ ሦስት እርምጃ ሄደች። ማዳም አለቀሰች፤ አባትየው ወጥቶ ሲመለስ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ይዞ መጣ። ሁሉም ሰው የሚቀጥለው ዓመት ልትሮጥ ነው መሰለው። እኔም መሰለኝ።

የማፍርበት ነገር የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ክረምት የምለው በእኛ ነው፤ እዚያ ሐምሌ ማለት ከበረሃው የሚነሳው ነፋስ አሸዋ እያዘለ የሚጋረፍበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ የቧንቧው ውሃ ራሱ የሚያቃጥልበት ወር ነው። ለምን እንዳደረግኩት ምክንያት ብፈልግለት ደስ ይለኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ዘመድ አልሞተብኝም፣ አልታመምኩም፣ ማዳምም አላስከፋችኝም። ደከመኝ፤ ያ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ፎጣውን አነጠፍኩ፤ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አጠገቧ ተጋደምኩ። ዝም አለች። ዘወር ብላ አየችኝ። «አንቆጥርም?» አለችኝ። «ዛሬ አንቆጥርም» አልኳት። ሁለታችንም ማራገቢያው ሥር እንቅልፍ ወሰደን።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ፎጣውን ማንጠፉንም ተውኩት። ማዳም ከሥራ ስትመለስ «ሠራችሁ?» ትለኛለች፤ «ሠርተናል» እላታለሁ። ልጅቷ አጠገቤ ሆና ትሰማለች፤ ምንም አትልም። ስትስመኝ ግን ከወትሮው አጥብቃ ነበር። ይህ ሁለት ወር ከምናምን ሄደ። ኪኔዋም ለእረፍት አገር ቤት ሄዳ ስለነበር ማንም አላየንም።

በመስከረም መጨረሻ ኪኔዋ ተመለሰችና ይዣት ሄድኩ። አልጋው ላይ አስተኝታ ተረከዟን በመዳፏ ያዘች፤ ልክ እኔን እንዳስተማረችኝ። ወደ ላይ ገፋች። እግሩ አልመጣም። ጉልበቷን አጥፋ ሞከረች፤ ትንሽ መጣ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ሳምንት ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ልጅቷ እንዳትሰማ ፊቴን አዙሬ «አሥር» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የልጅቷን እግር ማሻሸት ጀመረች። በኋላ «ቁመቷም ጨምሯል» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ አጥንት ቀድሞ ያድጋል፤ የጠበቀ ጡንቻ አይደርስበትም። ብትሠሪም መጥበቁ አይቀርም ነበር።»

«ይህን ያህል?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

እስከ ዛሬ አላውቅም። ምን ያህሉ የእኔ ስንፍና፣ ምን ያህሉ የቁመቷ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ሁለቱም እግሯ ከጉልበት በታች በጀሶ ታሰረ። በየሁለት ሳምንቱ ይፈታል፤ እግሩ ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል፤ እንደገና ይታሰራል። በዚያ ሙቀት ጀሶ ምን ማለት እንደሆነ የለበሰ ያውቀዋል። ያሳክካታል፣ ታለቅሳለች፤ እኔ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ በጨርቅ ጠቅልዬ በጀሶው አፍ አስገብቼ አክላታለሁ። ማዳም ከሥራ አስፈቅዳ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ በጋዜጣ ታራግብላታለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ሸለብ ሲያደርጋት፣ አልቻልኩም።

«ማዳም፣ የምነግርዎት አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ አልሠራንም። ዋሽቼዎታለሁ።»

ማራገቧን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ልጅቷ ነገረችዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ከሥራ ስመጣ ዓይኗ አላበጠም ነበር። ሁልጊዜ ዓይኗ ያብጣል። አላበጠም። አውቄያለሁ።» ጋዜጣውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና፣ «ሠራችሁ ብዬ ስጠይቅሽ አዎ እንድትይኝ ነበር የምፈልገው። ቤቱ ፀጥ ብሎ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

እንድታባርረኝ ጠብቄ ሻንጣዬን በልቤ ሸክፌ ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ራሷ ቀዳች፤ አንዱን ለእኔ። በዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ማዳም ሻይ የቀዳችልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጀሶው ሲፈታ እግሯ ተሻሽሎ ነበር፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሦስቱ እርምጃም ጠፍቶ ነበር። እንደገና ከዱካው ጀመርን። ኪኔዋ ያን ጊዜ ነው መንገዱን የቀየረችልን።

«ፎጣውን ለመሳቡ ብቻ አንጥፊው» አለችኝ። «ሌላውን ሥራ አድርጊላት። ልጅ ያለ ምክንያት አይቆምም። ለምን ትቁም? የምትይዘው ነገር ይኑራት።»

እኔም እንዳለችኝ አደረግኩ። ዕቃ ማጠቢያው ሥር ሳጥን አስቀምጬ፣ ልጅቷን አቁሜ፣ ከኋላ በወገቤ ደግፌ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርን። ልብስ ሳሰጣ በጉልበቷ ተንበርክካ መቆንጠጫውን ታቀብለኛለች፤ የመቆንጠጫውን ዕቃ ሆን ብዬ ራቅ አድርጌ አኖረዋለሁ፣ እንድትንጠራራ። ሩዝ ስትለቅም እግሯን ከፍታ መሬት ላይ ነው። ማንም ሳያያት ጭኗ እየተሳበ ነው። ብርጭቆ ሰበረች፤ ብዙ ሰበረች። ለቅሶው ግን ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ባሕሩ ዳር እወስዳታለሁ። እስከ ደረቷ የሚደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ እጇን ይዤ አስኬዳታለሁ። ውሃው ክብደቷን ይቀበለኛል፤ በቀን ውስጥ ወገቤ የሚያርፈው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ሰው ያየናል፤ እኔ በቀሚሴ፣ እሷ በሸሚዟ። ማየት ሲበቃቸው ይተውናል።

ችግር የመጣው ከአባትየው ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጫቱን ይዞ ገባና ልጁን ሳጥን ላይ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ አገኛት።

«ልጄን ሠራተኛ አደረግሻት?» አለኝ። በሶማልኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ በደንብ እሰማ ነበር።

«ስፖርት ነው፣ ጌታዬ። ኪኔዋ ናት ያዘዘችን።»

«ሳህን ማጠብ ስፖርት ነው?»

ልጅቷ ናት የመለሰችለት፤ ዞር ለማለት ስለማትችል ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ እየተንተባተበች።

«አባቴ፣ ቆሜአለሁ። ማንም አልያዘኝም። እይ።»

እውነትም ያን ጊዜ አልያዝኳትም ነበር። እሱ ሲገባ ደንግጬ ሸሽቻለሁ። ሰውየው በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ቆይቶ ጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከአጠገቧ ሆኖ ያጠበችውን ብርጭቆ እየተቀበለ ይደረድር ጀመር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳውም።

በስምንት ዓመቷ ትምህርት ቤት ገባች፤ ዕድሜዋ አልፎ ነው፣ ብዙ ከተለመነ በኋላ። ባለ ጎማ መደገፊያ ብረት እየገፋች ከበር እስከ መቀመጫዋ መሄድ ቻለች። ደረጃው ላይ እኔ እሸከማታለሁ። ዘጠኝ ዓመቷ፣ አሥር ዓመቷ። ያለ ድጋፍ መሄድ አልቻለችም፤ እንደማትችልም ኪኔዋ አንድ ቀን ለማዳም በግልጽ ነገረቻት። ማዳም መኪናው ውስጥ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከሁሉም ቀድሜ በእጄ አውቄው ኖሮ ይሆናል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥተን ወደ መጸዳጃ ቤት ወሰድኳት። ዘወትር አብሬአት ነው የምገባው፤ አስቀምጣታለሁ፣ ልብሷን አስተካክላለሁ። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ከተተከለ ወር ሆኖት ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ «አባዮ፣ ቁሚ» አለችኝ። መደገፊያዋን እየገፋች ብቻዋን ገባች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ፣ ሦስቴ ስታ፣ በአራተኛው በሩን ዘጋችብኝ።

ውጭ ቆሜ አዳመጥኩ። ብረቱ ተንኳኳ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከዱካ ተነሺ፣ ተቀመጪ ስንል የነበረው ትንፋሽ ነው። ልትወድቅ ነው ብዬ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልከፈትኩም። ብዙ ቆየች። ውሃው ወረደ። ስትወጣ ቀሚሷ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ግንባሯ በላብ ወርዝቷል። አልፋኝ ሄደች። ስምንት ዓመት የለፋሁት ለዚህ በር ነው። እኔ ግን የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለመነሳትም ጊዜ ወሰደብኝ።

እየቆየ ወገቤ እምቢ አለ። እሷ እየከበደች፣ እኔም እያረጀሁ ነው። ሐኪም አየኝና ከባድ ነገር እንዳታነሺ አለኝ። የማነሳው ነገር ልጅ መሆኑን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። እሷም በአሥራ ሦስት ዓመቷ አመጸኛ ሆና ነበር። ፎጣውን ሳነጥፍ «ደክሞኛል፣ ነገ» ትለኛለች። በነገውም «ነገ» ነው። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ያ የሐምሌ ጠዋት ትዝ ይለኝና እዘጋዋለሁ። አንዳንድ ቀን እንሠራለን፤ አንዳንድ ቀን እንቀመጣለን። ለማዳም ግን እውነቱን እነግራታለሁ።

ወደ አገሬ ለመመለስ መወሰኔን ስነግራት ማዳም ብዙ አልተከራከረችኝም። አንድ ወር ቆይተሽ አዲሷን አሳያት አለችኝ። አዲሷ ከወለጋ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ፈሪ። ፎጣው ላይ አስቀምጬ የልጅቷን ተረከዝ አስያዝኳት። ጣቶቿን ይዛ ወደ ላይ ጎተተች።

«እንደሱ አይደለም» ልል ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ጣቴን ተዪው» አለቻት በአማርኛ። «ተረከዜን ያዢ። ከሥር። አዎ፣ አሁን በክንድሽ ግፊ። ቀስ። አትፍሪ፣ እኔ ሲያመኝ እነግርሻለሁ። አሁን ቁጠሪ።»

አዲሷ ልጅ መቁጠር ጀመረች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋቸው። አሥራ አምስት ላይ ሲደርሱ ወጥቼ ወጡን አየሁ።

የሄድኩበት ቀን የሥራ ቀን ነበር። አባትየው ከሥራ አስፈቅዶ ናጋድ፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ድረስ በመኪናው አደረሰኝ። ልጅቷ ፈተና ስለነበረባት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰናበትን። አንገቴን ይዛ ሳመችኝና «ወገብሽን አሠሪው እንጂ፣ አትተኚበት» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ መደገፊያዋን ይዛ ዞረች፤ ለመዞር ሰባት ትንንሽ እርምጃ ነው የሚፈጅባት። ደረጃው ጋ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሊያነሳት መጣ።

አባትየው ሻንጣዬን እስከ መፈተሻው ተሸከመልኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ መዳፌን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ለቀቀኝ። ባቡሩ ቀዝቃዛ ነበር። መስኮት ዳር ተቀምጬ ጨው የመሰለውን ሜዳ ትንሽ እንዳየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ድሬዳዋ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ውሃ አልጠጣሽም ብላ ቀሰቀሰችኝ፤ ጠጥቼ መልሼ ተኛሁ።